የአባቴን ምርቃት በዘፈን ሸፍኜው ነበር

እህቴ የተዳረችው በጥር 1991 ዓ.ም. ነው። ሠርጉ የተቀረፀባቸው ሦስት የቪኤችኤስ ካሴቶች እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልለው ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ዴካችን ከተበላሸም ቆይቷል። አባታችን ባረፈ በዓመቱ እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። «ያን ካሴት እንደምንም አውጣልኝ። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት በፎቶ ብቻ ነው» አለችኝ።

ቪዲዮ ኤዲት አድርጌ አላውቅም ነበር። ኮምፒውተር የምጠቀመው ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ነው። ግን እሺ አልኩ። ከቢሮ መልስና ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ አራት ወር ፈጀብኝ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ እኔ የለፋሁበትን እናንተ እንዳትለፉበት፣ በየት በየት እንዳለፍኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ዴኩ ነው። በዓለም ላይ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ድርጅት የጃፓኑ ፉናይ ነበር። እሱም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. አቆመ። ስለዚህ የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው። እኔ ከጎረቤት ተዋስኩ። የሠርጉን ካሴት ከማስገባቴ በፊት ግን ቢጠፋ የማይቆጨኝን አንድ አሮጌ ካሴት አጫወትኩበት፤ ዴክ ካሴት እንደሚበላ በልጅነቴ አይቻለሁና። ካሴቶቹንም በመስኮታቸው በኩል በባትሪ አየኋቸው። አንደኛው ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ነበረበት። እሱን አልነካሁትም፣ ካሴት ለሚያጸዳ ባለሙያ ሰጠሁት። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ዴክ ውስጥ ከከተታችሁ ዴኩንም ትበክላላችሁ፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት።

ከዴኩ ጀርባ ሦስት ገመድ ይወጣል። ቢጫው ምስል ነው፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ ነው። እነሱን ዩኤስቢ ላይ ከሚሰካ ትንሽ መቀበያ ጋር አገናኘሁና ኦቢኤስ ስቱዲዮ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መቅዳት ጀመርኩ። ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ወደ ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ካሴቱ የሞተ መስሎኝ ልቤ ተሰበረ። ለካ መቀበያው የተዘጋጀው አሜሪካ ትሠራበት በነበረው፣ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቴሌቪዥን አሠራር ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የሠራው በፓል ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል፣ 576 መስመር። «ፓል» የሚለውን ስመርጥ የእህቴ ቬሎ ነጭ ሆነ፣ የሚዜዎቹም ቀሚስ ቀይ። አሜሪካ ውስጥ የተቀረፀ ካሴት ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምትመርጡት።

አንደኛውን ካሴት ሁለት ጊዜ መቅዳት ነበረብኝ። በመጀመሪያው ቅጂ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። የድሮ ቪዲዮ አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍሎ፣ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን (1፣ 3፣ 5) ለብቻ ሙሉ ቁጥር መስመሮቹን (2፣ 4፣ 6) ለብቻ ስለሚይዝ ነው። ኦቢኤስ ውስጥ መቀበያውን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ዲኢንተርሌሲንግ» የሚለውን፣ ማለትም ይህን ጥርስ የሚያጠፋውን፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ክፈቱ። ካለፈ በኋላ ጥርሱ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል። እኔ ፍሬሙንም በሰከንድ 50 አደረግኩት፤ እስክስታው ሳይቆራረጥ እንዲፈስ።

ካሴት መቅዳት አይፋጠንም። የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቀን ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም። ኤምፒ4 የሚባለው ፋይል በሥርዓቱ ካልተዘጋ የተቀዳው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው የቀዳሁት። ኤምኬቪ መሐል ላይ ቢቋረጥም እስከዚያ ድረስ ያለውን ይይዛል። በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ ይቻላል። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት አገር ይህቺ አንዲት ምርጫ የስንቱን ሰው ልፋት ታተርፋለች።

አምስት ሰዓት ተኩል የሚሆን ቪዲዮ፣ 25 ጊጋባይት ያህል፣ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጠ። ለመቁረጥ ሾትከት የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም መረጥኩ። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል፣ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተሬ ላይም አልከበደም። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የሚያወድሱ ጓደኞች አሉኝ፣ እውነትም ትልቅ ፕሮግራም ነው። ለእኔ ሥራ ግን በዝቶብኝ ተውኩት። ሾትከት ላይ ብዙውን ሥራ የሠራሁት በሁለት ፊደል ነው። ኤስ ሲነካ ክሊፑ መስመሩ ያለበት ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ኤክስ ሲነካ የተመረጠው ይወጣና ክፍተቱ ይዘጋል።

ጀማሪ ሳለሁ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነበር። ብቆርጠው ይጠፋል ብዬ እሰጋ ነበር። አይጠፋም። ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል አይነካውም። «ከዚህ እስከዚህ አሳይ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ሴቭ የምታደርጉትም ያንን ማስታወሻ ነው እንጂ ቪዲዮውን አይደለም። ይህን ሳላውቅ አንድ ቀን ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩ። ፕሮግራሙን ስከፍት ክሊፖቹ ሁሉ የሉም። ፎልደሩን ወደ ቦታው ስመልሰው ተመለሱ። ከመጀመሪያው ሁሉንም ነገር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ ስሙንም ቦታውንም ባትለውጡ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቅንብሬ 48 ደቂቃ ነበር፤ ኮርቼበት ነበር። ካሜራ ማኑ ድንኳን ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ እንግዳ ሲበላ የቀረፀው ብቻ 40 ደቂቃ ይሆናል። ያንን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ሰው ሲጎርስ ማን ያያል ብዬ። ጭፈራውን፣ ኬኩን፣ የመኪናውን አጀብ አስቀረሁ። ድምፁ ስለሚንጫጫ ደግሞ ዘጋሁትና ከጫፍ እስከ ጫፍ የሠርግ ዘፈን ጫንኩበት። በየመቁረጫው ልብ የሚመስል፣ ገጽ የሚገለጥ የሚመስል ማሸጋገሪያ አስገባሁ።

አንድ እሁድ ከቡና በኋላ ለእናቴ ከፈትኩላት። ዝም ብላ አየች። እህቴ ጉልበት ለመሳም ስትንበረከክና አባቴ ከወንበሩ ብድግ ሲል ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ዘፈን ነው።

«ድምፁስ?» አለችኝ።

«ዘፈን አድርጌበት ነው እማዬ፣ ጫጫታ ስለበዛበት።»

«እሱ የሚለውን አጥፍተህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሲያልቅ ደግሞ «የዕድሩ ሰዎች የታሉ? ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበርኮ። አክስትህስ?» አለች። ሁሉም እኔ ባወጣሁት 40 ደቂቃ ውስጥ ነበሩ።

ማታውኑ ዋናውን ፋይል ከፈትኩና የጆሮ ማዳመጫ አደረግኩ። «ውለዱ፣ ክበዱ። ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን» ይላል አባቴ። ከዚያ ያቆማል። አራት ሰከንድ ያህል ምንም አይልም። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ነው ቤቱ በሙሉ «አሜን» የሚለው። በሠርጉ ቀን እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ግቢ ውስጥ እሯሯጥ ነበር። አባቴ እንባ እንደተናነቀው ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ያቺን አራት ሰከንድ ጸጥታ እንኳን ልቆርጣት፣ ከፊቷም ከኋላዋም ምንም አልነካሁም።

ሥራውን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ከእናቴ ጋር ነው። የድንኳኑን ክፍል ብቻ ከፈትንና በየጠረጴዛው እያቆምኩ ማን ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስልኬን አጠገቧ አስቀምጬ ድምፅ ቀዳሁ። «ይሄ የአባትህ ባልደረባ ነው። እቺ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሳቸው ጠጁን የጣሉት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር።» የ31 ሰው ስም ጻፍኩ። ከ31ዱ 14ቱ አርፈዋል። ለብዙዎቹ ከዚህ ሌላ የሚንቀሳቀስ ምስል ያላቸው አይመስለኝም። ካሜራ ማኑ ያን ቀን ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሠራው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የእናቴን ድምፅ በድንኳኑ ምስል ሥር አስገባሁት። እሷ ስትናገር የድንኳኑን ጫጫታ በ12 ዴሲቤል ዝቅ አደረግኩት። ዝም ስትል ጫጫታው ቀስ ብሎ ይመለሳል። የሰውን ስም በተናገረች ቁጥር ያ ሰው ስክሪኑ ላይ ቢያንስ አምስት ሰከንድ እንዲቆይ አደረግኩ። ፊት ለመለየት ጊዜ ያስፈልጋል፣ በተለይ ለአረጋዊ ዓይን።

ድምፁን በማጽዳት ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፣ አይቆጨኝም። የካሴቱ ድምፅ ሥር እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ነገር ነበረው። የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ ላይ የሚያመጣው ነው። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ስጨምር አብዛኛው ሄደ። የቀረውን የካሴት ሹክሹክታ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ቀነስኩት። ማንም የማይናገርበትን አንድ ሁለት ሰከንድ ታሳዩታላችሁ፣ «ይሄ ነው ጫጫታው» ብላችሁ። ከዚያ ከሁሉም ላይ ያንን ይቀንሳል። ግን በልክ። እኔ መጀመሪያ አብዝቼው የአባቴ ድምፅ ከቱቦ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ትንሽ ሹክሹክታ ቢቀር ይሻላል፤ ሰው የሚሰማው ሰው እስከሆነ ድረስ። ዘፈኑን ያስቀረሁት ማንም በማይናገርበት ቦታ ብቻ ነው፣ የመኪናው አጀብ ላይ። ልቦቹንና ገጾቹን በሙሉ አወጣሁ።

የቪኤችኤስ ምስል ቅርጹ 4 ለ 3 ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ ለጥጬ ልሙላው ብዬ ነበር፣ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ። ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን። ከታች የሚንቀጠቀጠውን ቀጭን መስመር ግን ቆርጬዋለሁ። ቀለሙን ብዙ አልነካሁትም። ለርዕሱ ስጽፍ ፊደላችን ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣብኝ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚለውን ነፃ ፎንት ጭኜ ከፕሮግራሙ ውስጥ እሱን ስመርጥ ተስተካከለ።

መጨረሻው ላይ የእህቴ ልጆች ለአያታቸው ለእናቴ ሰላምታ የሚልኩበት አጭር ክሊፕ ጨመርኩ። መጀመሪያ በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ልከውት ደብዛዛ ሆኖ ደረሰኝ። እንደ ፋይል ላኩት አልኳቸው፣ ጥራቱ እንዳለ መጣ። ስልክ የፍሬሙን ፍጥነት እየለዋወጠ ስለሚቀርፅ ድምፁ ከአፋቸው ቀስ በቀስ ሊለይ ይችላል። ሾትከት ራሱ ይህን አይቶ «ለኤዲት ወደሚመች ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ማለት ነው።

ሲያልቅ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ። ኤክስፖርት ሳደርገው 4.5 ጊጋባይት ወጣ፣ ፍላሽ ላይ አልገባ አለ። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን እምቢ። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ቀየርኩት፣ እሱን ደግሞ የእናቴ ቴሌቪዥን አላነበበውም። በመጨረሻ ፍላሹን ወደ ፋት32 መለስኩና ጥራቱን ከ6 ወደ 4 ሜጋቢት በሰከንድ አውርጄ እንደገና አወጣሁት። 3 ጊጋባይት ሆነ። ለቪኤችኤስ ምስል በዓይን የሚለይ ልዩነት አላየሁም። ከቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነቶች ኤች264 የሚለውን መምረጤም ጠቀመኝ፤ ቴሌቪዥኗ አዲሱን ኤች265 አታውቀውም።

ዋናዎቹ ቅጂዎች እኔ ቤት አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ፣ እናቴ ቤት ሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ አሉ። ካሴቶቹም ወደ ቁም ሳጥኑ ተመልሰዋል፣ በዚህ ጊዜ ቆመው፣ በደረቅ ካርቶን። ለእህቴ የምርቃቱን አራት ደቂቃ ማታውኑ በቴሌግራም ላክሁላት። ሙሉው ቪዲዮ ቴሌግራም በነፃ ከሚፈቅደው 2 ጊጋባይት ስለሚበልጥ በፍላሽ አድርጌ ሰው ጠበቅሁ። የጎረቤታችን ልጅ ስትሄድ እናቴ ከሽሮና ከበርበሬው ጋር ሻንጣ ውስጥ ልትከተው ብላ ነበር። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና በመሐረብ ቋጥራ «ይሄን በእጅሽ ያዢልኝ» አለቻት።