አዳማ፣ ስሪ ኤሉን ለማየት

አዳማ የሄድኩት ለሞተር ብዬ ነው። የአክስቴ ልጅ አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ ገዝቶ ስሪ ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተሩ ላይ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሳሪያ፣ እየገጠመ ለአፈር ላይ ውድድር እያዘጋጀው ነው፣ «መጥተህ እየው፣ ሂሳቡንም አብረን እንስራው» ሲለኝ ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ነው የገባው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ፈረንጆች በ2014 ከተከፈተ ወዲህ አዳማ ጎረቤት ሆናለች። ጋቢና ስለተቀመጥኩ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር፣ ሹፌሩም ገብቶት መሰለኝ ሞጆን ስናልፍ «አየህ፣ ወደዚህ ሲወርድ ይፈታል፣ አዲስ አበባ ላይ ይታፈናል» አለኝ። ልክ ነው። አዲስ አበባ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዳማ 1700 አካባቢ፣ ባህር ጠረፍ ላይ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው አዳማ 82 ያህል ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ 76 ያህል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዛው ልክ ይቀንሳል፣ አየር ከቀነሰ ደግሞ ልታቃጥለው የምትችለው ናፍጣ ይቀንሳል፣ በቃ። የናፍጣ ሞተር ጉልበት ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ናፍጣ መጨመር ቀላል ነው፣ ከባዱ አየሩን ማግኘትና ሙቀቱን መቻል ነው።

ከተማው ሲቃረብ የንፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ፣ አዳማ አንድና አዳማ ሁለት ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። እኔ ግን ሳያቸው ያሰብኩት አቧራውን ነው፣ የአዳማ ንፋስ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አቧራ ደግሞ የቱርቦ ጠላት ነው፣ እመለስበታለሁ።

ጋራዡ ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር በባጃጅ ትንሽ ነው። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ከአይሱዙ እስከ ትራክተር ያልፈቱት የናፍጣ ሞተር ያለ አይመስለኝም። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ መደርደሪያቸው ላይ የነበረ ፒስተን አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡት፣ አናቱ ቀልጦ በአንድ በኩል ጎድጉዷል።

«ይሄ የማን ነው ጋሼ?»

«የአንድ ደንበኛ ነው ልጄ። ቱርቦ አስገጠመ፣ ከዛ ናፍጣ እንዲበዛለት የናፍጣ ፖምፓውን እራሱ ከፈተው። ጥቁር ጭስ ሲያይ ጉልበት መሰለው።»

ይሄን ነገር ሰው ቢሰማልኝ ደስ ይለኛል። ጥቁር ጭስ ማለት አየር አጥቶ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። በሂሳብ ደረጃ አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ ለሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ አየር ይበቃዋል ይባላል፣ ግን ናፍጣ የሚረጨው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከአየሩ ጋር ለመደባለቅ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ በተግባር 18፣ እንደዚህ አይነቱ የድሮ ሞተር ላይ ደግሞ 20 ኪሎ አካባቢ ካላገኘ ያጨሳል። ቤንዚን ሞተር ላይ ትርፍ ነዳጅ ስትሰጠው ይቀዘቅዛል፣ ናፍጣ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ነዳጅ በጨመርክ ቁጥር ይግላል፣ እና ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። ከቤንዚን ሞተር የመጡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ከሰአት ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ሄድን። ስሪ ኤል 2779 ሲሲ ነው፣ ፒስተኑ 96 ሚሊ ሜትር ወርድ ምቱም 96 ሚሊ ሜትር፣ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ፣ ደግሞ 22 ለ 1 አካባቢ ነው። ያለ ቱርቦ ጠዋት በብርድ እንዲነሳ ጥሩ ነው፣ ከቱርቦ ጋር ግን ግፊቱ ይበዛና ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ሊያነሳው ይፈልጋል፣ መሀል ያለውን ጓርኒሲዮን ይበላል። ጋሼ የወሰኑት የፒስተኑን አናት 1 ሚሊ ሜትር ማስላጥ ነው። ወረቀት አውጥቼ ሰራሁት፣ 1 ሚሊ ሜትር በ96 ወርድ 7.2 ሲሲ ቦታ ይከፍታል፣ ፒስተኑ ላይ ጫፍ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀረው ክፍት ቦታ 33 ሲሲ ገደማ ስለሆነ ኮምፕሬሽኑ ወደ 18 ይወርዳል። ቁጥሩን ሳልነግራቸው «አስራ ስምንት ይደርሳል» አሉኝ፣ ከእጃቸው ነው የሚያውቁት። ከዚህ በላይ እንዳይላጥ ግን አጥብቀው ነው የተናገሩት፣ አናቱ ከሳሳ እንኳን ውድድር ዳገትም አይችልም፣ ከተላጠ በኋላም አራቱም ፒስተኖች በሚዛን ተመዝነው እኩል እስኪሆኑ አልተንቀሳቀሱም። ወጣቱ የቶርኖ ሰራተኛም እኮ ጎበዝ ነው፣ እንደዚህ አይነት እጅ ያላቸው ልጆች በየጋራዡ ተቀምጠው እያለ እኛ ሁሉን ነገር ከዱባይ እንጠብቃለን።

ማታ አክስቴ ቤት አደርኩ። ሽሮ እያቀረበች «ደሞ በናፍጣ ውድድር አለ እንዴ ልጆቼ?» አለች። አለ እንጂ እትዬ! በ1998 እንደ ፈረንጆች ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ የ24 ሰአቱን ውድድር ያሸነፈው ቢኤምደብሊው 320ዲ ነው፣ በ2006 አውዲ አር 10 የፈረንሳዩን የለማን 24 ሰአት ውድድር ሲያሸንፍ በናፍጣ የመጀመሪያው ነበር፣ ሴአት ደግሞ በ2008 እና በ2009 የአለም ቱሪንግ ካር ሻምፒዮናውን የወሰደው 2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ባለው ሊዮን ነው፣ ከኛ ስሪ ኤል ያነሰ ሞተር ማለት ነው። አክስቴ ሰምታኝ «እንግዲያው አሸንፉ» ብላ ቡና ልታፈላ ገባች።

እኛ ደብተር ዘረጋን። ሞተሩ በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር አዳማ ላይ ያለ ቱርቦ በደቂቃ 4.5 ኪሎ ገደማ አየር ይስባል፣ ከፋብሪካ ባህር ጠረፍ ላይ 90 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ለዚህ ነው እዚህ ወደ 70 የሚወርደው። ቱርቦው በ1.2 ባር ግፊት ቢነፋና አየሩ ቀዝቅዞ 60 ዲግሪ ላይ ቢገባ በደቂቃ 10 ኪሎ ይደርሳል፣ ለ20 ስታካፍለው ግማሽ ኪሎ ናፍጣ በደቂቃ፣ ያ ደግሞ 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል፣ ያለ ጭስ። የአክስቴ ልጅ 200 ነበር የሚመኘው። ሂሳቡን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየና «150 የሚጨርስ ሞተር ይሻለኛል» አለ፣ ኮራሁበት።

«ቀዝቅዞ» ያልኩት ቃል ላይ ነው ስራው ያለው። አየር ስትጨምቀው ይግላል። አዳማ ላይ 30 ዲግሪ የገባ አየር በ1 ባር ሲነፋ 140 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው ከቱርቦው የሚወጣው፣ ግፊቱ ከባህር ጠረፍ ስለሚያንስ ያንኑ 1 ባር ለመስጠት ቱርቦው እዚህ የበለጠ መሽከርከር አለበት። ኢንተርኩለር፣ ይህን አየር የሚያቀዘቅዘው፣ 60 ካደረሰው በአንድ አይነት ግፊት ሩብ ያህል ተጨማሪ አየር ታገኛለህ፣ ፒስተኑም ይተነፍሳል። የልጁ ኢንተርኩለር ከጭነት መኪና የወረደ ያገለገለ ነው፣ ፊት ለፊት ከራዲያተሩ በፊት ነው የተበየደው።

እሁድ አሮጌዎቹ ፒስተኖች እንዳሉ ለሙከራ ወጣን፣ የተላጡት ገና አልገቡም። ፒካፑ ላይ አሸዋ በማዳበሪያ ጭነን በመልካሳ አዋሽን ተሻግረን የአሰላን መንገድ ያዝን፣ ወደ ዴራና ኢተያ እየወጣህ ስትሄድ አየሩም እየሳሳ ስለሚሄድ ለናፍጣ ሞተር ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም። ፍጥነት አልነዳንም፣ የምንፈልገው ጭነት ነው። የጭስ ሙቀት ጌጁ ሴንሰር ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ማኒፎልድ ላይ ነው የገባው፣ ከቱርቦው በፊት፣ ከቱርቦው በኋላ ካስገባኸው ከ100 ዲግሪ በላይ ቀንሶ ያሳይህና ይሸውድሃል። መጀመሪያ ኢንተርኩለሩን በቱቦ አልፈን ወጣን፣ ዳገቱ መሀል ላይ ጌጁ 740 ዲግሪ ሲል ጋሼ «አንሳ! እግርህን አንሳ!» አሉት። ተመልሰን ኢንተርኩለሩን አስገብተን በዛው ዳገት በዛው ማርሽ 650 ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ 700ን አለማለፍ ነው የጋሼ ህግ፣ የአሉሚኒየም ፒስተን የሚሰሩ ሰዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስሪ ኤል ደግሞ ናፍጣው መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው የሚቃጠለው፣ ስለዚህ ሙቀቱ በቀጥታ ቴስታታው ላይ ያርፋል፣ ይሄ አይነት ቴስታታ ከተጨነቀ በቫልቮቹ መሀል ይሰነጠቃል። ለዛ ነው ዳገቱን ጨርሰን እንኳን ሞተሩን ወዲያው ያላጠፉት፣ ዘይቱና ውሃው ሙቀቱን ይዘው እስኪወጡ ቆምን።

እና አቧራው። እንደ ፈረንጆች በ1952 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውድድር ላይ የናፍጣ ሞተር አምራቹ ከሚንስ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና አምጥቶ ከሁሉም ፈጥኖ ፊት ተሰለፈ፣ ውድድሩ ላይ ግን የቱርቦው አየር መሳቢያ ከመሬት ጋር ተጠግቶ ስለነበር ከመንገዱ የሚነሳው የጎማ ብናኝና ቆሻሻ ዘጋው፣ 71 ዙር ላይ ወጣ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ተነስተው የፒካፑን ፊልተር አዩት፣ ከኮፈኑ ስር ዝቅ ብሎ ነበር የታሰረው። ወዲያውኑ ወደ ላይ፣ ከመስታወቱ አጠገብ እንዲወጣ ተወሰነ፣ ፊልተሩም ትልቅ የትራክተር ፊልተር እንዲሆን።

የቀረው ፖምፓውና ፍሪሲዮኑ ነው። ፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን የሚገፋው 10 ሚሊ ሜትር ፕላንጀር የሚፈለገውን ናፍጣ ለመስጠት ረጅም ጊዜ ይረጫል፣ ዘግይቶ የተረጨ ናፍጣ ደግሞ ጉልበት ሳይሆን የማኒፎልድ ሙቀት ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ 12 ሚሊ ሜትር እየፈለግን ነው። እስከዛ ጋሼ ቱርቦው ሳይነፋ ናፍጣ እንዳይበዛ የሚቆጣጠረውን ፒን እየሞረዱ ያስተካክላሉ፣ ከ2000 ዙር በታች እንዲቆጥብ፣ ምክንያቱም ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚሰበረው ታች ላይ በሚመጣ ጉልበት ነው። እኔ ከአዲስ አበባ የዘይት ሙቀት ጌጅ ገዝቼ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እሄዳለሁ፣ የተላጡት ፒስተኖችም ያኔ ይገባሉ።