ለባለቤቴ ትንፋሽ የጸለይኩት ጸሎት

እግዚአብሔር ባለቤቴን ከሞት አትርፎልኛል። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ልመሰክር ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ለዓመታት ሲያንኮራፋ ቤቱ ይናወጥ ነበር። ቤታችን የሚያድር ዘመድ «ደክሞት ነው» ይላል። አማቴ ደግሞ ከአገር ቤት እየደወሉ «ዱካክ ነው፣ ጸበል እርጩበት» ይሉኝ ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ማንኮራፋቱ ሳይሆን፣ ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቆም ነው። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ቆይቶ እንደታነቀ ሰው እየተናነቀው ይተነፍሳል። በዚያ ጸጥታ መሐል እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ «ጌታ ሆይ፣ ትንፋሹን መልስለት» እላለሁ። ረጅም ለመጸለይ ጊዜ የለም። እንቅልፍ ሲያሸንፈኝም «አንተ አትተኛም፣ አታንቀላፋም፣ ጠብቅልኝ» ብዬ እተኛለሁ።

ጠዋት ራሱን ያመዋል። የደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ አለ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኖ፣ መብራት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ወሰደው። የቀሰቀሰው ከኋላው ያለው ሹፌር ጡሩምባ ነው። በዚህ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ሄደ።

እቤት የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ ታዘዘለት። መሣሪያውን ጣቱና ደረቱ ላይ አድርጎ በገዛ አልጋው ተኛ። ውጤቱ ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ሆነ፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ነው። በሰዓት በአማካይ 47 ጊዜ ትንፋሹ ይቋረጣል ወይም ያጥራል። ከ5 በታች ደህና ነው፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም እስከ 71 ከመቶ ወርዶ ነበር። ሲተኛ ምላሱና የጉሮሮው ሥጋ ላልቶ ወደ ኋላ እየወደቀ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል አሉን። ወረቀቱን ይዤ አለቀስኩ። እግዚአብሔር በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ትንፋሹን እንደሚመልስለት በቁጥር አየሁት።

መጀመሪያ ሲፓፕ ተሰጠው፤ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን ነው። ለከባዱ ሕመም ቀዳሚው ሕክምና እሱ ነው፣ ብዙዎችንም አሳርፏል። ባለቤቴ ግን አልቻለውም። ማስኩ ተቀየረ፣ ግፊቱ ተስተካከለ፣ እሱ በእንቅልፍ ልቡ እየነቀለ ይጥለዋል። ያኔ አንድ ወንድም «በእምነት ተወው፣ ተፈውሰሃል» አለው። በፍቅር እንዳለው አውቃለሁ። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ተፈውሶ ከሆነ መለኪያው ላይ ይታያል አልኩ። ጸሎቴንም ቀየርኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ እሱ የሚችለውን መንገድ አሳየን።»

መልሱ የመጣው ጥርስ ክሊኒክ በምትሠራ የቤተ ክርስቲያናችን እህት በኩል ነው። ስለ ማስኩ አንድም ነገር አልነገርኳትም። ቡና እየጠጣን ስለ ሥራዋ ስታወራ፣ አፍ ውስጥ ተደርጎ የሚተኛበት መሣሪያ እንደሚሠሩ ነገረችኝ። ልቤ ዘለለ። ሐኪሙን ጠየቅነውና አዘዘለት።

የጥርስ ሐኪሟ የጥርሱን ቅርጽ ወስዳ አሠራችለት። ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ላይ ይገጠማል፤ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይይዘዋል፣ ምላሱም አብሮ ይሳባል። በአንዴ ሳይሆን በየጊዜው በጥቂቱ፣ በሚሊሜትር እየተገፋ ነው። መጀመሪያ ላይ ምራቁ እየፈሰሰ፣ መንጋጋውን እያመመው ተቸገረ። ሐኪሟ አላባበለችንም። ይሄ ይበልጥ የሚሠራው ለቀላሉና ለመካከለኛው ነው፣ በከባዱ ላይ መሥራቱ ሳይለካ አይታወቅም አለችን።

ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን የሚመዘግብ ቀለበት ገዛን። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ አብረን ስልኩ ላይ እናያለን። ቁልቁል የሚወርደው መስመር ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ መጣ። ማንኮራፋቱም ጠፋ። ሐኪሙ ግን በዚህ ብቻ አልረካም። ማንኮራፋት ቢቆምም ትንፋሽ ሊቋረጥ ይችላል ብሎ፣ መሣሪያው አፉ ውስጥ እያለ ምርመራውን እንዲደግም አደረገ።

47 የነበረው 8 ሆነ! ኦክስጅኑም ከ88 በታች አልወረደም። እዚያው እልል አልኩ።

ዛሬ ነቅቶ ይነዳል፣ የደም ግፊቱም ወርዷል። «ታዲያ ተፈወሰ ወይስ አልተፈወሰም?» የሚሉኝ አሉ። ሳያደርገው ከተኛ ሕመሙ ይመለሳል፣ ስለዚህ በየሌሊቱ ያደርገዋል። እኔ የለመንኩት ትንፋሹን ነው፣ እሱንም ተቀብያለሁ። በመሣሪያው የተነሳ ጥርሱ ቦታውን እንዳይለቅ ሐኪሟ በየጊዜው ታየዋለች፤ ለዚያም እየጸለይን ነው። ክብሩን ሁሉ እግዚአብሔር ይውሰድ።