እስኪጨርስ ጠብቂው

ክረምቱ ሊያልቅ ነው፣ ጫማዬ ግን አሁንም የጅማ ጭቃ አለቀቀውም። ሐምሌና ነሐሴን በሙሉ እዚሁ ጅማ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ቀን ቀን በሚውሉበት የክረምት ፕሮግራም ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። ትምህርት ስለተዘጋ አንድ ትምህርት ቤት ግቢውን ለቀቀልን፣ እነሱ አስራ አራት ነበሩ፣ ከ18 እስከ 27 አመት፣ እኛ ደግሞ ስድስት። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ መማርን የሚያዘገይ ሁኔታ) ያላቸው አሉ፣ ኦቲዝም ያለው አለ፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የሚጥል በሽታ፣ ማየት የሚቸግረው፣ መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሁሉንም አስፈቅጄ አልጨረስኩም።

ልጅ አልኩ አይደል? ሁለት ሳምንት ሙሉ «ልጆቹ በሉ?» «ልጆቹ ተሰበሰቡ?» እያልኩ ነበር፣ እዛ ውስጥ እኮ ከእኔ በሁለት አመት የሚበልጥ ሰው አለ። አንድ ቀን እሱ ራሱ «ማነው ልጅ?» አለኝ። ከዛ በኋላ ለመተው እየታገልኩ ነው፣ አፌ ለምዶት አሁንም ያመልጠኛል።

የመጀመሪያው ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት የ24 አመት ወጣት በዊልቸር መጣ፣ እህቱ ናት እየገፋች ያመጣችው። ሰላም አልኩት፣ አፉን ከፈተ ግን ቃሉ ቶሎ አልመጣም፣ አንገቱ ይወጣጠራል እጁ አብሮ ይነሳል፣ እኔ ደግሞ የተቸገረ መስሎኝ «ውሃ ልስጥህ? ሽንት ቤት ነው? በረደህ?» እያልኩ ጥያቄ አዘነብኩበት። ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይጀምራል፣ እኔ እንደገና አቋርጠዋለሁ። እህቱ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ እሱ ይጨርሳል» አለችኝ። ጠበቅኩ። አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከዛ «ስ...ምሽ... ማነው?» አለኝ። ሰውዬው ስሜን ነበር የሚጠይቀኝ! በዛ ሁሉ ልፋት መሃል ሊተዋወቀኝ ነበር የሚሞክረው።

ሴሬብራል ፓልሲ ማለት ከወሊድ በፊት ወይም በወሊድ ሰአት ወይም ትንሽ ቆይቶ አእምሮ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፣ የሚነካው እንቅስቃሴን ነው፣ ምላስና መንጋጋም በጡንቻ ስለሚሰሩ ንግግር ይከብዳል፣ ይሄ ማለት ግን ሰውየው አይገባውም ማለት አይደለም። ይሄኛው የሚባለው ሁሉ ይገባዋል፣ ስለ እሱ ከጀርባው የሚወራውም ጭምር። ካፌ ወስጄው አስተናጋጁ ወደ እኔ ዞሮ «እሱ ምን ይጠጣል?» ሲለኝ ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር አይቻለሁ። «እሱን ጠይቀው» አልኩት። ማኪያቶ፣ ስኳር ሳይበዛ። ካፌው በር ላይ ሶስት ደረጃ አለ፣ አዲስ ህንጻ ነው፣ በ2001 ዓ.ም የወጣው የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የህዝብ መገልገያ ህንጻ ዊልቸር የሚያስገባ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር፣ ደረጃው ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ዝናቡን የጅማ ሰው ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው፣ ኦቲዝም ያለው ወጣት ደግሞ ጆሮውን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ይወዛወዛል፣ መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ከበን «አይዞህ አይዞህ» ስንለው ባሰበት። የእኛም ድምጽ ነበር የጨመረበት። በኋላ አስተባባሪዋ ኮርኒስ ያለው አንድ ክፍል አስከፈተች፣ ዳመናው ሲጠቁር ቀድሞ ራሱ ብርድ ልብሱን ይዞ ወደዛ ይሄዳል፣ አንድ ሰው በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ አይናገርም። በቃ ይሄው ነበር መፍትሄው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ደግሞ አንድ ሐሙስ ኳስ እየተጫወትን ወደቀ። ዘበኛችን ጋሼ ክብሪት ጭረው ሊያሸትቱት ሮጠው መጡ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ ግን ክብሪት ምንም አያደርግም፣ ማንኪያ ምናምን አፍ ውስጥ መክተትም ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይረዳም። አስተባባሪዋ ሹራቧን ከጭንቅላቱ ስር አደረገች፣ ሸሚዙን አላላች፣ አልያዘችውም፣ ሰአቷን አየች። ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ሲያቆም በጎኑ አስተኛችው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ነው ወደ ጤና ተቋም የሚሮጠው። በኋላ ሲጣራ የሚጥል በሽታ መድሃኒቱ፣ ፌኖባርቢታሉ፣ አልቆበት ሶስት ቀን ሳይውጥ ቆይቷል፣ መድሃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ራሱ እንደሚጥል ቤተሰቡ አያውቅም ነበር። ጋሼም ሰምተው «እኔ እኮ ይሄን ሁሉ አመት...» ብለው ዝም አሉ።

ስለ ቡናዋ ሳልጽፍ አላልፍም። ዳውን ሲንድረም ያላት የ21 አመት ወጣት፣ ጅማ ተወልዳ ያደገች፣ ቤታቸው በቀን ሶስቴ ቡና ይፈላል፣ እሷ ግን ቆልታ አታውቅም፣ እሳት ያቃጥላታል ተብሎ። አንድ ጠዋት ከሰሉ ሲቀጣጠል መጥታ «እኔ ልቁላ» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንዳልነጥቃት። ብረት ምጣዱን ጨርቅ አድርጋ ያዘችው፣ ቡናውን አጥባ ጨመረች፣ ታንቀሳቅሳለች፣ ቀና ብላ አታይም። እኔ ቡኒ ሲሆን «አሁን አውጪው» ልላት ስል «ገና» አለችኝ። ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ የመንጣጣቱን ድምጽ እየሰማች ነበር፣ ለካ ቤት ስትቀመጥ እናቷን ስታዳምጥ ነው የኖረችው። ልክ ዘይቱ ብልጭ ሲል አወጣችው፣ ለሁላችንም እየዞረች አሸተተችን። በሶስተኛው ሳምንት እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ አቦሉን ቀድታ ሰጠቻት። እናትየው ሲኒውን ይዛ ለብዙ ጊዜ አልጠጣችም። ከዛ «ማን አስተማረሽ?» አለቻት። «አንቺ» አለቻት።

ማየት የሚቸግረው ወጣት ደግሞ ሯጭ ነው፣ ትዕግስት ገዛኸኝ ቶክዮ ላይ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችበትን ውድድር ለማንም ሰው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይተርካል፣ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፣ አሁንም ቢጀምር እሰማዋለሁ።

የመጨረሻው ሳምንት ሚኒባስ ይዘን ጅሬን ወጣን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት። ከከተማው ወደ ላይ ነው፣ ከዛ ሆኖ ጅማ በሙሉ ከስር ይታያል። ላይኛው ፎቅ በእንጨት ደረጃ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ጎረምሶች ከእኛ ውስጥ ሮጠው ዊልቸሩን ከነሰውየው ብድግ አደረጉት። ጮኸ። አወረዱት። ሁላችንም ዝም አልን፣ ጠበቅን፣ ማንም አላቋረጠውም፣ «ጠይ...ቁኝ» አለ። ጠየቅነው። መውጣት አልፈለገም። ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ላይ ቤቱን ፎቶ አንስቼ እንዳመጣለት አዘዘኝ፣ እሱ ሜዳው ላይ ሆኖ የራሱን ሰፈር ሲፈልግ ቆየ።

በመሸኛው ቀን ይኸው በዊልቸር የሚሄደው ወጣት የእኛን የበጎ ፈቃደኞቹን አረንጓዴ ቲሸርት ጎተት አድርጎ ማውራት ጀመረ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ለሚቀጥለው ክረምት እሱም ይሄን ቲሸርት ለብሶ እንዲሰራ ይፈልጋል፣ አዳዲስ የሚመጡትን እሱ ይቀበላል፣ እኔን እንደተቀበለኝ። በማግስቱ ለአስተባባሪዋ ነገርኳት፣ ኤክስትራ ላርጅ ነው የሚለብሰው አልኳት፣ ጻፈችው።