ኤፍ ሜንደልሰን ማን ናት?

በርሊን ያለችው ትንሿ የሐበሻ ኳየራችን መሪ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ከቀረነው ውስጥ ኖታ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ፒያኖ ተምሬያለሁ። «እስኪ ለጊዜው ያዢልን» አሉኝ። ለጊዜው የተባለው ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

መምራት ማለት እጅ ማወዛወዝ ይመስለኝ ነበር። አወዛወዝኩ። ቴነሮቹ (ቀጭኑን የወንድ ድምፅ የሚዘምሩት) ቀድመው ገቡ፣ ሶፕራኖዎቹ (ቀጭኑን የሴት ድምፅ የሚዘምሩት) እኔን ሲጠብቁ ቀሩ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከሚዘምሩት ከባሶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ይቅርታ» አልኩ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና «ይቅርታ» አልኩ። ማታ ጓደኛዬ በስልኳ የቀረጸችውን ሳይ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። በየምቱ ትከሻዬ ሽምቅቅ ይላል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት የፈራ ሰው ነው የምመስለው።

የምንለማመድበት ቤተ ክርስቲያን የጀርመኖች ነው። ኦርጋን የሚጫወቱት ሴትዮ ጭንቀቴን ሲያዩ ስለ ፋኒ ሜንደልሰን አጫወቱኝ። የታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ የፌሊክስ ታላቅ እህት ናት፤ እሷም የሙዚቃ ደራሲ ነበረች። ገና በ14 ዓመቷ አባቷ፣ ሙዚቃ ለወንድምሽ ሙያ ይሆነው ይሆናል፣ ላንቺ ግን ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ጽፎላታል። እሷ ግን ላይፕሲገር ሽትራሰ ቁጥር 3 በነበረው ቤታቸው እሑድ እሑድ ኮንሰርት እያዘጋጀች ራሷ ትመራ ነበር። (ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የቡንደስራት፣ ማለትም የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ምክር ቤት፣ ሕንፃ ነው። ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ!) እ.ኤ.አ. በ1834 ኦርኬስትራ ቤቷ መጥቶ የራሷን ኦቨርቸር (የመክፈቻ ሙዚቃ) ሲጫወት የመሪውን ዘንግ አስያዟት። በኋላ ለወንድሟ ስትጽፍ፣ በየምቱ ባላፍር ኖሮ ደህና አድርጌ እመራው ነበር አለችው። በየምቱ! ቪዲዮዬን ያየችው ነው የመሰለኝ።

ሴትዮዋ ብብቴ ስር ፎጣ አስያዙኝ። ፎጣው ከወደቀ እጄ በዝቷል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሲወድቅ ከረመ። ከዚያ «እጅሽን ተዪውና ተንፍሺ» አሉኝ። ነገሩ ለካ እዚያ ነው ያለው። ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት በዘፈኑ ፍጥነት ልክ አየር ስስብ፣ ሃያ ሰው አብሮኝ ይስባል፤ አብሮ የሳበ ደግሞ አብሮ ይገባል። ቀስ ብዬ ከሳብኩ ቀስ ብለው ይጀምራሉ፤ ተጣድፌ ከሳብኩ ይሮጣሉ። «አንድ፣ ሁለት» እያልኩ ስጮህ የከረምኩት በከንቱ ነበር።

ሌላው፣ አብሬያቸው መዘመሬን መተው ነበረብኝ። አልቶ (ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ) የምዘምር ስለነበርኩ አፌ አያርፍም። ግን እኔ ስዘምር የምሰማው ራሴን ነው። ዝም ባልኩ ቀን ቴነሮቹ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ አንዷን ኖታ እንደሚስቷት ገባኝ።

ዮአና ማልቪትስ በ2023 የበርሊን ኮንሰርትሃውስ ኦርኬስትራ ዋና መሪ ስትሆን ርካሽ ትኬት ገዝቼ ሄድኩ። ስለ ሙዚቃው ብትጠይቁኝ ብዙ አላስታውስም። እጇን ብቻ ሳይ ነው ያመሸሁት።

ባለፈው በጋ ጀርመኖቹ ለበዓላቸው አንድ የጀርመንኛ ዘፈን ጠየቁን። ፋኒ ከደረሰቻቸው «የአትክልት ስፍራ ዘፈኖች» የመጀመሪያውን መረጥኩ። ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ የሚዘፈን ነው፤ ስለ ዛፎች ሹክሹክታ። የእኛ ሰው ደግሞ በጆሮ ነው የሚለምደው። ስለዚህ አራቱንም ድምፅ ለየብቻ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁ። ነርስ ነኝና ባሱን የቀዳሁት ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ፣ ድምፄ ሳይላቀቅ ነው። እስካሁን ይቀልዱብኛል።

ከባሶቹ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልዋጥ አላቸው። «ልጄ፣ ይኼ መዝሙር ነው ዘፈን?»

«ስለ ዛፍ ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «ዛፉንስ ማን ፈጠረው?» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

በበዓሉ ቀን የፕሮግራሙን ወረቀት ሳይ «ኤፍ ሜንደልሰን» ይላል። ፋኒም በኤፍ፣ ፌሊክስም በኤፍ! ይህን የሚያነብ ሰው ማንን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ድሮም ስድስት ዘፈኖቿ በወንድሟ ስም ነው የታተሙት። በ1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ፊቱ ከወደዱት አንዱን መርጠው ሲዘፍኑለት፣ የእህቴ ነው ብሎ ማመን ነበረበት። በራሷ ስም በቋሚነት ማሳተም የጀመረችው በ1846 ነው፤ በዓመቱ ለእሑድ ኮንሰርት ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ ሞተች፣ በ41 ዓመቷ።

እስክሪብቶ አንስቼ «ፋኒ» እያልኩ በየወረቀቱ ጻፍኩ። ጋሼም አገዙኝ። ሳንጨርስ ተጠራን።

ትንፋሽ ሳብኩ፣ ገቡ። መጨረሻው ላይ ባሶቹ ትንሽ ዘገዩ፤ ሁልጊዜም ይዘገያሉ። ስንወርድ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት እጄን ይዘው፣ ፌሊክስ እንዲህ ያለ ዘፈን እንዳለው አላውቅም ነበር አሉኝ። ወረቀታቸውን አየሁት። ካልደረስንባቸው አንዱ ነው።

ጋሼን ዞሬ እስክሪብቷቸውን ለመንኩ።