30 ዓመት በምክትልነት
ሐዋሳ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ስለ ቅርጫት ኳስ ስናወራ ወሬው ሁሌ ስለ ተጫዋች ነው፣ ሲበዛ ስለ ዋና አሰልጣኙ። ምክትሉን የሚያነሳ የለም። እኔን ግን በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው።

ቢል ጉትሪጅን እዩ። በአሜሪካው ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 የቅርጫት ኳስ ዋና አሰልጣኙ የዲን ስሚዝ ምክትል ነበር። 30 ዓመት ሙሉ! ስሚዝ ሲለቅ ቦታውን የያዘው በ60 ዓመቱ ነው። ከዛ በሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ቡድኑን ሁለቴ፣ በ1998 እና በ2000፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውስጥ አስገብቶ ጡረታ ወጣ።

ሥራው እኮ ከባድ ነው። ምክትሉ የተጋጣሚን ጨዋታ በቪዲዮ ደጋግሞ ያያል፣ የማን ግራ እጅ ደካማ እንደሆነ ይመዘግባል፣ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ልጆች ይመለምላል፣ ልምምድ ካለቀ በኋላም አንዱን ልጅ ይዞ ውርወራውን ሲያስተካክል ያመሻል። ዋናው ሲባረር ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱም አብሮ ይሄዳል።

እኛም ሰፈር ታናናሾቻቸውን በነፃ የሚያሰለጥኑ ወንድሞች አሉ። ስታገኟቸው አመስግኗቸው። ትርፍ ኳስ ያላችሁ ደግሞ ስጧቸው፣ ያሉት ተልጠው አልቀዋል።