የተማሪዬ ልቦለድ ታተመ!

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ሲያወርደው ዋለ፤ እኔ ግን ደስታዬን የት ላድርገው! የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ የጻፈው አጭር ልቦለድ መጽሔት ላይ ወጣለት። መጽሔቱ እንዳይረጥብበት በፌስታል ጠቅልሎ ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ። ገጹን ሲገልጥልኝ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስሙ ከነአባቱ ታትሟል።

ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በፊት ዋሸራ በሚባለው የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ ቆጥሯል፤ ማለትም ቅኔ መፍጠር ተምሯል። እዚያ የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም፤ ሁሌም አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ መምህሩ ያርማል፣ ተማሪው ደግሞ ይመለሳል። ለዚህ ነው መሰለኝ ያንን ልቦለድ ሰባት ጊዜ እንደገና ጻፈው ስለው አንዴም ያላኮረፈኝ።

እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ ደውሎ ሙሉውን አነበበላቸው። ከክፍል ስወጣ ደግሞ አንዷ ተማሪ ደብተሯን ይዛ «መምህር፣ የኔንም ያዩልኛል?» አለችኝ። ይኸው ማታውን እሱን ይዤ ተቀምጫለሁ።