ስም የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። የሚያሳዝን ነገር ተፈጥሮ አይደለም፤ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ሥራ ያስረሳኛል ብዬ ሰሞኑን የምጽፈውን ሰርቨር (የሌሎች ፕሮግራሞችን ጥያቄ እየጠበቀ የሚመልስ ፕሮግራም) አቁሜ መልሼ ሳስነሣው፣ «አድራሻው ተይዟል» ብሎ አልነሣም አለ። ማን እንደያዘው ባስስ፣ በሕይወት ያለ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) አጣሁ። አድራሻውን የያዘው ከአፍታ በፊት የተዘጋ ግንኙነት ነበር።

ግንኙነትን ቀድሞ የዘጋ ወገን ስሙን፣ ማለትም አድራሻውን፣ ወዲያው እንደማይለቅ የኔትወርክ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ ለ60 ሰከንድ ያህል ይዞት ይቆያል፤ ይህም ከቀድሞው ንግግር መንገድ ላይ የቀረ የመረጃ ቁራጭ ዘግይቶ ቢደርስ፣ በዚያው ስም ወደተጀመረ ሌላ ንግግር ገብቶ እንዳያምታታ ታስቦ ነው። ይህን የሚያልፍ አማራጭ አለ፤ ጻፍሁት፣ ሰርቨሩም ተነሣ። ሐሳቤ ግን ስሙ ላይ ቀረ።

ሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት ጫፍ፣ ሲፈጠር ስም የለውም። የሊኑክስ መመሪያ «ባይንድ» የተባለውን ጥሪ (ፕሮግራም ለከርነሉ፣ ለሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ የሚያቀርበውን ጥያቄ) ሲያብራራ፣ ይህ ሥራ በልማድ ለሶኬት ስም መስጠት እንደሚባል ይናገራል። ስሙ በኢንተርኔት በኩል ከሆነ የኮምፒውተሩ አድራሻና ከ0 እስከ 65535 ካሉት የፖርት ቁጥሮች (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ተነጋጋሪዎች ከሚለዩት) አንዱ ነው፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ለሚነጋገሩ ፕሮሰሶች ደግሞ እንደ ማንኛውም ፋይል ዱካ ያለው ስም ይሆናል። ለዓመታት ይህን መስመር ሳላስብበት ስጽፍ ኖሬ፣ ዛሬ የገረመኝ ስም የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ነው። ስም ግድ የሚሆነው ለሚጠብቀው ነው። ሰርቨሩ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ፣ የሚፈልጉት ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚችሉት ስም ሊኖረው ይገባል። ተነሥቶ የሚሄደው ደንበኛ ግን ባይንድ ማለት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከርነሉ ራሱ ከ32768 እስከ 60999 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያውሰዋል፣ ጉዳዩም ሲያልቅ ይመልሰዋል። ደንበኛው የራሱን ስም ለማወቅ ቢፈልግ ከርነሉን መጠየቅ አለበት። ለዚህ የተዘጋጀ ጥሪ አለ፣ የባልንጀራን ስም የሚጠይቅም እንዲሁ፤ ሁለቱም የተለያዩ ጥሪዎች መሆናቸው ዛሬ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አሳዘነኝ።

ከሁሉም የማይለየኝ ግን ጥንዶቹ ናቸው። አንድ ፕሮሰስ ሁለት ሶኬቶችን አንዱን ከሌላው ጋር አገናኝቶ በአንድ ጥሪ መፍጠር ይችላል፤ ከዚያ ልጁን፣ ማለትም ሌላ ፕሮሰስ፣ ይወልዳል፣ አንዱን ጫፍ ለራሱ ያስቀራል፣ ሌላውን ለልጁ ይተዋል። ለእነዚህ ስም የሚባል ነገር የለም፣ ከውጭ ማንም ሊጠራቸውም አይችልም፣ እነርሱ ግን ያለ ችግር ይነጋገራሉ። እናቴም በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው።

ታዲያ ስም የሚያስፈልገው ለማይተዋወቁ ነው ብዬ ልደመድም ስል፣ የማይተዋወቁት ራሳቸው ስሙን ከየት ያውቁታል የሚለው መጣብኝ። ሰርቨር ዜሮ ቁጥርን ጠይቆ ባይንድ ቢል፣ ከርነሉ ያገኘውን ክፍት ፖርት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ያንን ቁጥር ለሌሎች ለመንገር ሌላ የታወቀ ቦታ ያስፈልጋል። ሰን የተባለው ኩባንያ ለዚሁ ሲል ቁጥሮችን መዝግቦ ለጠያቂ የሚናገር አገልግሎት ሠርቶ ነበር፤ የዚያ አገልግሎት የራሱ ቁጥር ግን 111 ተብሎ የግድ መቆረጥ ነበረበት። የትም ብትሄድ አንድ ቦታ ላይ ሰው ተስማምቶ ያጸናው ስም ሳይኖር አይቀርም።

ያጸኑትም የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ዘመን የነበሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ፍቺ መሠረት ሶኬት 32 ቢት ያለው ቁጥር ነበር፤ ሙሉው (ለሁለት እኩል የሚካፈለው) ቁጥር መቀበያ፣ ጎዶሎው መላኪያ ሆኖ ንግግር የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለነበር፣ ለመነጋገር ጥንድ ያስፈልግ ነበር። በ1972 ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል ለታወቁ አገልግሎቶች የሚሆኑ ቁጥሮችን የሚያድል አንድ ቄሳር ይኑር ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ከቄሳሩ ቀጥሎ በቅንፍ «እኔ?» የሚል ጨመረበት። በዚያ የጥያቄ ምልክት ለረጅም ጊዜ ሳቅሁ። ነገሩ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪሞት ድረስ ቁጥሮቹን የሚመዘግበውና የሚያድለው እርሱ ነበር። ፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ 21፣ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ቴልኔት 23፣ የኢሜይል ማስተላለፊያው 25 መሆናቸው የዚያ የጎዶሎ ዘመን ቅሪት ነው፤ በሁለት አቅጣጫ የሚናገረው የመነጋገሪያ ደንብ ቲሲፒ ከመጣ በኋላ በመካከላቸው የቀሩት ሙሉ ቁጥሮች ባዶ ሆኑ። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን በ1995 ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር ለሚያገናኘው ኤስኤስኤች ቁጥር ሲጠይቅ በ21 እና በ23 መካከል 22 ክፍት ሆኖ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም ሰርቨር በከፈትሁ ቁጥር የምጠራው ያንኑ ነው።

አሁን መወሰን ያለብኝ ግን የራሴን ነው። ከፋይል ዱካዎቹ አንዱን ብመርጥ፣ ፕሮሰሱ ከሞተ በኋላም ስሙ ዲስክ ላይ ይቀራል፣ የሚቀጥለው መጥቶ በእጁ ካልሰረዘው ቦታውን አያገኝም፤ በምትኩ ግን ማን ሊገባ እንደሚችል በፈቃድ መጠበቅ ይቻላል። ሊኑክስ ብቻ ያለው ሌላ ዓይነት ስም አለ፣ በባዶ ባይት የሚጀምርና ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ፤ ይህ ምንም ቅሪት አይተውም፣ ነገር ግን የፋይል ፈቃድ ስለማይመለከተው፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ማንም ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። የትኛው ይሻላል? ሞተህም የሚቀርና የሚጠበቅ፣ ወይስ አብሮህ የሚሄድና ማንም የሚነጥቀው? ሁለት ጊዜ ቡና አፍልቼ አሰብሁበት። እስክወስን ድረስ ሶኬቱ «ሙከራ አዲስ የመጨረሻ 2» ይባላል።